አባቴ በደረታቸው ዲፊብሪሌተር አለ፤ የወገብ ኤምአርአይ መነሣት ይችላሉ?

የሐይቋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጅዳ ሲኖሩ፣ የልብ ምት በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ በኤሌክትሪክ ነዝሮ የሚመልስ ዲፊብሪሌተር ተተክሎላቸዋል። ሐይቅ ከገቡ ወዲህ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ አሁን ቀኝ እግራቸውም ይደነዝዛል። ደሴ ያየቻቸው ሐኪም ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ ምስል) አዘዘች፤ ምርመራ ክፍሉ ግን «ልባቸው ላይ ብረት አለ፣ አይሆንም» ብሎ መለሰን። አጎቴ «ሳትናገሩ ብትገቡ ማን ያውቅ ነበር?» ይላል። አክስቴ መሣሪያው ይውጣ ባይ ናት። አባቴ ደግሞ ቡናቸውን ይዘው «እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ዱዓዬን ላድርግ» ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ራዲዮግራፈሩ፦
እህቴ፣ የአጎትሽ ምክር ይቅርባችሁ። ሰው የሚፈራው ማግኔቱ መሣሪያውን ከደረት ነቅሎ እንዳያወጣው ነው፤ ዋናው ሥጋት ግን ሌላ ነው። መሣሪያው የኤምአርአዩን የሬዲዮ ሞገድ የተዛባ የልብ ምት መስሎት ያለ ምክንያት ሊነዝራቸው ይችላል። ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ ጫፍም ሊግል ይችላል።

«ብረት አለ፣ አይሆንም» የሚለው መልስ ግን ጊዜ ያለፈበት ነው፤ እንዲህ የሚሉ ባልደረቦቼ ያናድዱኛል። አሜሪካ ለኤምአርአይ የተስማማ ዲፊብሪሌተር የፈቀደችው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ማግናሴፍ የተባለ ጥናት ደግሞ ለኤምአርአይ ያልተፈቀደ መሣሪያ ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሏል፦ 1,000 የፔስሜከር (የዘገየ የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ) እና 500 የዲፊብሪሌተር ምርመራ፣ ከደረት ውጭ፣ በ1.5 ቴስላ የማግኔት ኃይል። በምርመራው የሞተ የለም። አንድ ዲፊብሪሌተር ግን ተበላሽቶ ተቀየረ፤ ያም ከምርመራው በፊት በደንቡ መሠረት ያልተስተካከለው ነበር። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ አንዱ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ሲተከል የተሰጣቸውን የመለያ ካርድ ፈልጉ። የመሣሪያው ሳጥን ብቻ ሳይሆን ሽቦዎቹም ለኤምአርአይ የተስማሙ መሆናቸው ይታይ። በምርመራው ሰዓት የመሣሪያው ንዝረት እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ አባትሽ ያለ ጠባቂ ናቸው። የልብ ምታቸውንና ኦክስጅናቸውን የሚከታተል ባለሙያ፣ አጠገቡም የውጭ ዲፊብሪሌተር ያስፈልጋል። ንዝረቱ ተመልሶ መከፈቱ ሳይረጋገጥ ከዚያ እንዳትወጡ።

ነርሷ ከወልድያ፦
የአክስትሽ ሐሳብም አያዋጣም። ሽቦው ከደም ሥርና ከልብ ጋር ስለሚጣበቅ ማውጣቱ ራሱ አደገኛ ነው፤ ተቆርጦ የቀረ ሽቦ ደግሞ ኤምአርአዩን ይበልጥ ያከብደዋል። ሐኪሟን ሲቲ ስካን ይበቃ እንደሆነ ጠይቂያት። ሽንት እምቢ ካላቸው ወይም ብሽሽታቸው ከደነዘዘ ግን ካርድ ፍለጋውን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የሐይቋ፦
አላህ ይስጥልኝ። ሽንታቸው ደህና ነው። ካርዱ ከፓስፖርታቸው ልባስ ውስጥ ተገኘ፤ የሳጥኑ ሞዴል ተጽፏል፣ ስለ ሽቦው ግን ምንም የለም።

ራዲዮግራፈሩ፦
እንግዲያው ጅዳ የቀረ ዘመድ ካላችሁ ከተተከለላቸው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ያውጣ፤ የሽቦው ሞዴል እዚያ ይገኛል። ሪፖርቱንና ካርዱን ለልብ ሐኪም አሳዩ፤ መሣሪያውን የሚያስተካክለው ኮምፒውተር እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የት እንዳለ እሱ ይንገራችሁ። እስከዚያ የኤምአርአይ ቀጠሮ አታስይዙ፤ የካርዱን ቁጥርም እዚህ አትለጥፊ።