የአንደኛው ተጫዋች ድል 27 እጥፍ ሆነብኝ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። ታኅሣሥ ሲገባ ሁለት ሱስ ይነሳብኛል፦ ዳይስ መሰብሰብና የአድቬንት ኦፍ ኮድ (በየታኅሣሡ በኢንተርኔት የሚወጡ፣ ፕሮግራም በመጻፍ የሚፈቱ) እንቆቅልሾች። አዲሱ እንቆቅልሽ የሚለቀቀው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ለሥራ ሰው ክፉ ሰዓት! ስለዚህ የቆዩትን እሠራለሁ። አሁን የያዝኩት የ2021ን 21ኛ ቀን ነው፤ ዳይስ አለበታ።

ሁለት ሰዎች ከ1 እስከ 10 በተቆጠረ ክብ ሰሌዳ ላይ ይጫወታሉ። በሁለተኛው ክፍል ዳይሱ ባለ ሦስት ገጽ ነው (ከፊራ ገበያን ብታስሱ አታገኙትም)። በተጣለ ቁጥር ዓለም ለሦስት ይከፈላል። በአንድ ተራ ሦስቴ ስለሚጣል 27 ዓለም ይወጣል። ቀድሞ 21 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል።

በፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ጻፍኩ። የሁለቱን ቦታና ነጥብ ይቀበላል፤ ውጤቱን ካሽ ስለማደርግ (አንዴ ያሰላውን ስለማስቀምጥ) ፍጥነቱ አሪፍ ነው። በአንድ ጥሪ የአንደኛውን 27 ጥል፣ በውስጡ ደግሞ የሁለተኛውን 27 ጥል በሉፕ እዞራለሁ። ማን 21 እንደሞላ የማየው ከውስጠኛው ሉፕ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ አንደኛውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን።

ከ4 እና ከ8 በሚነሳው ምሳሌ የሁለተኛው ድል 341960390180808 ሆኖ በትክክል ይወጣል። የአንደኛው ግን 444356092776315 መሆን ሲገባው 11997614504960505 ይለኛል። የሦስቱን ጥል ድምሮች ከ3 እስከ 9 በድግግሞሻቸው (1፣ 3፣ 6፣ 7፣ 6፣ 3፣ 1) ጠቅልዬም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ለ27 ባካፍለው መልሱ ይመጣል፣ ግን ሳይገባኝ ማካፈል አልፈልግም።

የአንደኛው ብቻ በ27 የሚባዛው ለምንድን ነው?