ለምንጭ ማጎልበቻና ለእግረኛ ድልድይ የመንግሥት ድጋፍ ከየት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ጌራ ውስጥ ካለች ጎጥ ነው የምጽፈው። 140 አባወራ ነን፣ በሰው ሲቆጠር 700 ገደማ። የምንጠጣው ምንጭ ክፍት ስለሆነ ሰውና ከብት አብረው ይቀዱበታል፣ ይጠጡበታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ልጆቹ ከቤት ይውላሉ። የእድራችን ሰዎች መንግሥት ለልማት የሚሰጠው ድጋፍ እንዳለ ሰምተው «አንተ ተምረሃል፣ ጻፍልን» አሉኝ። ማመልከቻው የሚገባው ለማን ነው? ገንዘቡስ በእድሩ ስም ይሰጣል? አንድ ሰው «ፕሮፖዛል ጽፌ ከላይ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ 15,000 ብር ጠይቆናል። እንክፈለው ወይ?

መልስ፦ ጡረተኛ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ

ብሩን እንዳትከፍሉ። ለወረዳ ማመልከቻ ክፍያ የለም፤ «ከላይ» የሚባለውም ሰው ፋይሉን ወደ ወረዳችሁ ነው የሚመልሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ጥቅል ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ ደግሞ በቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለግብርና ባለሙያው ደመወዝ ይውላል። ለግንባታ የሚተርፈው ካፒታል በጀት ጠባብ ነው፣ የሚሻማውም ብዙ። ስለዚህ ለእድር ተቆጥሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አትጠብቁ። የምትጠይቁት ጉዳያችሁ በቀበሌው ዕቅድ፣ ከዚያም በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባና የወረዳው ምክር ቤት እንዲያጸድቀው ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በግንቦት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው «ለከርሞ» ተብሎ ይመለሳል፤ እናንተ አሁን በታኅሣሥ መጀመራችሁ ጥሩ ነው። ቀበሌው ስብሰባ ይጥራ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የተገኙት ይፈርሙ፣ ማኅተም ይደረግበት። ደብዳቤው ግን ሁለት ይሁን፤ የምንጩ ለውሃ ጽሕፈት ቤት፣ የድልድዩ ለመንገድ ጽሕፈት ቤት። ሁለቱን በአንድ ወረቀት የጻፈ ሰው በሁለቱም በር «የእኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ሲመለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

መልስ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም የሚባል ሰምቻለሁ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ። እዚያ ብታመለክቱስ?

መልስ፦ ጡረተኛ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ

እሱ በ2010 ዓ.ም. ለ117 ከተሞች የወጣ ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው ለከተማ አስተዳደሩ፣ ያውም በየዓመቱ አፈጻጸሙ እየተመዘነ ነበር። የገጠር ጎጥ አይገባበትም። ወጣቱን አታድክመው።

መልስ፦ የውሃ ቴክኒሺያን

ወንድሜ፣ ከደብዳቤው በፊት ምንጩን ለካ። ውሃው በአንድ ቦይ እንዲወርድ አድርግና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠር። ሦስት ጊዜ ለካና አማካዩን ጻፍ። የበልግ ዝናብ ሳይጥል በጥር መጨረሻ ድገመው፤ በልጉ ከቀረ ደግሞ በሰኔም ጭምር። መሐንዲስ የሚፈልገው ምንጩ በደከመበት ወቅት የሚሰጠውን ውሃ ነው፣ በመስከረም የሚሰጠውንማ ሁሉም ያያል።

ስለ ገንዘቡ፣ በክልላችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ኮዋሽ በሚባለው ፕሮግራም የተሠራበት መንገድ አለ። ማኅበረሰቡ የውሃ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ኮሚቴው ለወረዳው ያመለክታል፣ ሲጸድቅ ገንዘቡ በአብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል ለኮሚቴው ይለቀቃል። ሲሚንቶ የሚገዛውም ግንበኛ የሚቀጥረውም ኮሚቴው ራሱ ነው። ወረዳችሁ አሁን በዚህ መንገድ እየሠራ እንደሆነ በቃል ጠይቅ። ቢሠራም ባይሠራም ኮሚቴ ምረጡ፣ ሴቶችም ይኑሩበት። ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት፤ ቧንቧው ሲሰበር መጀመሪያ የምታውቀውም እሷ።

መልስ፦ አንድ የሞላሌ ሽማግሌ

ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ልጄ። ድንጋይና አሸዋ እናቀርባለን፣ ቁፋሮውን እንቆፍራለን ብላችሁ በቁጥር ጻፉ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን። ለጥገና የሚሆን ብርም ከወዲሁ በደብተር ይቀመጥ። ኮሚቴው ቁጥር ይዞ ሲቀርብ ይታመናል። አንዳንድ ሹም የመንዝ ሰው ተሳትፎ አያውቅም ሲል እሰማለሁ። የጋራ የሣር ምድራችንን ጓሳን በራሱ ሕግ፣ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰነ፣ በጀት የሚባል ነገር ሳይኖር ስንት ዘመን የጠበቀው ማን ሆነና!

መልስ፦ የግብርና ባለሙያ

ቀበሌያችሁ በሴፍቲኔት ከታቀፈ ሌላ በር አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተጠቃሚዎች በሕዝባዊ ሥራ መንገድ ይጠርጋሉ፣ እርከን ይሠራሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ። ሥራው ብዙ ጊዜ በበጋ ስለሆነ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን መንገድና የምንጩን አጥር እዚያ ማስያዝ ይቻላል። የቀበሌውን የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አነጋግር። ድልድዩን ግን ለዚህ አትስጡት፤ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ክረምት ውሃው የደረሰበትን ከፍተኛ ልክ ከሁለቱም ዳር በድንጋይ ላይ በቀለም አመልክቱ። መሐንዲስ በበጋ ሲመጣ ደረቅ ወንዝ አይቶ አጭር ድልድይ ቢነድፍ የሚጎዳው የእናንተ ልጅ ነው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለደላላው «አንከፍልም» አልነው፣ ተቆጥቶ ሄደ። ምንጩን ዛሬ ጠዋት ለካሁ፤ ጀሪካኑ በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሞላ፣ ሦስቱም ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ይበቃናል?

መልስ፦ የውሃ ቴክኒሺያን

20 ሊትር በ100 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 0.2 ሊትር ነው። በቀን 17,280 ሊትር ይሆናል። ለገጠር የተቀመጠው ልክ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለሆነ 691 ሰው ይችላል። እናንተ 700 ናችሁ፣ በጭንቅ ነው። ከዚያም ላይ በጥር ይቀንሳል።

ስለዚህ ደብዳቤው «ምንጭ ይጎልብትልን» ብቻ አይበል። ሌሊት የሚፈሰው ውሃ እንዳይባክን የማጠራቀሚያ ጋን፣ ከእሱ በታች የከብት ገንዳ ይጨመርበት። ከገንዳው የሚጠጣው ከጋኑ የተረፈው ውሃ ይሁን፣ አለበለዚያ ሒሳባችን ይፈርሳል። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ነው በታች? በላይ ከሆነ ሞተር አያስፈልግም፣ ወጪው በብዙ ይቀንሳል። ይህን ንገረኝና ረቂቁን አብረን እናየዋለን።

ጠያቂው፦

በላይ ነው፣ ቁልቁል ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። የቀበሌው ስብሰባ ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተይዟል።