ኮከብ የሞላበት ፊልም ለምን ወደቀ? (ክርክር)

አወያይ፣ ፒያሳ፦ ሰሞኑን አብረን ያየነው «ጋንግስተር ስኳድ» እስካሁን እያከራከረን ነው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደው በ1949 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ሾን ፔን ሚኪ ኮኸን የተባለውን እውነተኛ የወሮበሎች አለቃ ሆኖ ይሠራል። ጆሽ ብሮሊን ደግሞ ባጃቸውን አውልቀው በምስጢር የሚዘምቱበት ፖሊሶች መሪ፣ ሳጅን ኦማራ ነው። ራያን ጎስሊንግ፣ ኤማ ስቶን፣ ኒክ ኖልቲ፣ አንቶኒ ማኪና ማይክል ፔንያም አሉበት። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ፊልም ታሪኩን እንዳሻው መለወጥ ይችላል? ይሄንን ፊልም የጣለውስ እሱ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የአራት ኪሎው፦ ይችላል። ፊልም የታሪክ ፈተና አይደለም። መኪኖቹ፣ ኮፍያዎቹ፣ የሌሊት ክበቡ፣ ሁሉም ዓይን ይይዛል። ፊልሙን የጎዳው ከውጭ የመጣ መዓት ነው። በጁላይ 2012 ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ በምትባል ከተማ፣ ሲኒማ ቤት የገቡ 12 ሰዎች በጥይት ተገደሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ ደግሞ ወንበዴዎች ሲኒማ ቤት ስክሪኑን ጥሰው ተመልካች ላይ የሚተኩሱበት ትዕይንት ነበር። ስቱዲዮው ትዕይንቱን ቆርጦ አወጣው። በምትኩ ቻይናታውን ሰፈር ላይ ሌላ ትዕይንት ተቀረጸ፤ የፊልሙ መውጫ ቀንም ከሴፕቴምበር ወደ ጃንዋሪ 2013 ተገፋ። ካለቀ በኋላ እንዲህ የተቆረጠና የተጣፈ ሥራ እንዴት ሙሉ ይሆናል?

ጋሽ አምፒር፦ ለሞቱት ክብር ሲባል ትዕይንቱ መውጣቱ ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ልጄ፣ ድክመቱ እኮ ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው። መክፈቻውን አስታውሰው። ሌሊት ነው፤ ኮረብታው ላይ፣ ከትልቁ የ«ሆሊውድላንድ» ጽሑፍ ሥር፣ ኮኸን ከቺካጎ የተላከበትን ሰው ሁለት መኪና መሀል አስሮ ያስጎትተዋል። ሰውየው ለሁለት ይከፈላል። እሺ፣ ጨካኝ መሆኑን አወቅን። ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት ተኩል ስለ ኮኸን ምን አዲስ ነገር ተነገረን? ምንም! እውነተኛው ኮኸን እኮ እጁን እየደጋገመ ካልታጠበ እፎይ የማይል፣ የራሱ የወንዶች ልብስ ሱቅ የነበረው፣ ጋዜጠኞች ሲከቡት ደስ የሚለው ሰው ነበር። ሾን ፔንን የመሰለ ተዋናይ ይሄ ሁሉ ቢሰጠው የት ያደርሰው ነበር! የሰጡት ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ጮኸ።

ካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ ፔን ራሱም አብዝቶታል። ፊቱ ላይ የለጠፉት ሜካፕም አልረዳውም። ሌሎቹን ደግሞ ተመልከቱ። አንዱ ቢላ ይወረውራል፣ አንዱ ሽጉጥ አይስትም፣ አንዱ ስልክ ይጠልፋል። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ማንነት የላቸውም። ስልክ የሚጠልፈው ሲሞት ማዘን ፈልጌ ነበር። ለማን ልዘን? ሰውየውን መች አስተዋወቁኝ?

የአራት ኪሎው፦ የኦማራ ሚስትስ? እርጉዝ ሆና የፖሊሶቹን ፋይል ዘርግታ «ይሄኛውን ውሰድ፣ ያኛውን ተው» እያለች ቡድኑን የምትመርጥለት? ያ ጥሩ ጽሑፍ አይደለም?

ጋሽ አምፒር፦ ነው። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ባሏን በሕይወት የሚመልሱላትን ሰዎች ነው የምትመርጠው፤ ፍርሃቷን ሳትናገረው ታየዋለህ። እንዲህ ያለ ሌላ ትዕይንት ግን ፈልጌ አጣሁ።

ሒሳብ ሹሟ፦ እኔን ያናደደኝ መጨረሻው ነው። ኮኸንና ኦማራ ሕዝብ እያየ በቡጢ ይደባደባሉ፤ ፖሊሱ ያሸንፋል፤ ኮኸን በነፍስ ግድያ ይፈረድበታል። እውነቱ ሌላ ነው። ኮኸን በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት አያውቅም። በ1951 የታሰረው በታክስ ስወራ ነው። በ1961ም እንደገና በታክስ ተፈረደበትና አልካትራዝ እስር ቤት ገባ። በኋላ አትላንታ እስር ቤት ሳለ ሌላ እስረኛ ጭንቅላቱን በብረት መትቶት አካሉ ተጎዳ። በ1972 ተፈታ፤ በ1976 በእንቅልፉ ሞተ።

ሁሉም ስህተት እኩል ነው አልልም። ኒክ ኖልቲ የሚሠራው ዊልያም ፓርከር የፖሊስ አዛዥ የሆነው በ1950 ነው፤ ፊልሙ በ1949 አዛዥ አድርጎታል። ቡድኑም የተቋቋመው በ1946 ነበር። ይሄ ይለፍ፤ ዓመት መግፋት ታሪኩን አያበላሽም። የሰውየውን አወዳደቅ መቀየር ግን ታሪኩን ራሱን መጣል ነው።

ሥራዬ ስለሆነ ልንገራችሁ። የታክስ ምርመራ እንዴት እንደሚሄድ አስቡት። ሰውየው ያሳወቀው ገቢ ትንሽ ነው፤ አኗኗሩ የንጉሥ ነው። መርማሪው ቁጭ ብሎ የቤቱን፣ የሱፉን፣ የመኪናውን፣ የጠባቂዎቹን ወጪ አንድ በአንድ ይደምራል። ድምሩን ካሳወቀው ገቢ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሰውየው መልስ የለውም። መርካቶ ያለ ነጋዴ ሁሉ ይሄ ጥያቄ ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ምስክር በሚገደልበት፣ ዳኛ በሚገዛበት ከተማ ደረሰኝን ማን ይገድለዋል? የሚያስፈራው ፊልም ይሄ ነበር፤ በእጃቸው ይዘውት በቡጢ ለወጡት።

የአራት ኪሎው፦ እህቴ፣ የቺካጎውን የወሮበሎች አለቃ አል ካፖንን ስለሚያሳድዱ ሰዎች የተሠራውን፣ የ1987ቱን «ዘ አንተቸብልስ» ሁላችንም እንወደዋለን አይደል? እዚያ የካፖንን ሰው ፍራንክ ኒቲን ከጣሪያ ላይ ይወረውሩታል። እውነተኛው ኒቲ ራሱን የገደለው በ1943 ነው። ያኛው ሲዋሽ ጥበብ፣ ይሄኛው ሲዋሽ ወንጀል?

ሒሳብ ሹሟ፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ልብ በል፤ እዚያ ካፖንን ከሚያሳድዱት አራት ሰዎች አንዱ ባለመነጽር ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ካፖንን በታክስ እንያዘው የሚለው እሱ ነው፤ ሊፍት ውስጥ ሲገደል ክፉኛ ያምምሃል። የካፖን የሒሳብ ደብተር ነገርም እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ካፖን በእውኑም በ1931 በታክስ 11 ዓመት ተፈረደበት። ኒቲን ዋሹ፣ ዋናውን ግን አልነኩም።

ካዛንቺስ፦ ይሄን ክርክር ወደ እኛ ላምጣው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ስለነበረው የአራዳ ዘበኛ ወይም ስለ ውቤ በረሃ ሌሊቶች ፊልም ቢሠራ፣ እናንተ ሰዎች ማንንም አታስተርፉም ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። የት ይቀርጹት? ፈጠራ ካልተፈቀደላቸው ማን ይደፍራል?

ጋሽ አምፒር፦ ቤቱን ይፍጠሩት፤ ማን ከለከለ? እንጨትና ቀለም ይበቃል። እኔ የምለምናቸው ተዋናይ ከመቅጠራቸው በፊት የዚያን ዘመን ወሬ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዘንድ እንዲሄዱ ነው። ዘበኛው ጉቦውን በምን መልክ ይቀበል ነበር? ሌሊት ሙዚቃው ሲያበቃ ሒሳቡን ማን ይከፍል ነበር? ማንስ በዱቤ ይጠጣ ነበር? ያንን ይጻፉና ኮከቦቹን ከዚያ በኋላ ይጥሩ።

የአራት ኪሎው፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። በቡጢው ግን አሁንም አልስማማም። ሲኒማ ቤት ገብቼ የሰው ደረሰኝ ሲደመር አላይም።

ሒሳብ ሹሟ፦ «ዘ አንተቸብልስ» ላይ አይተኸዋል እኮ። ወደኸዋልም።