ምልክት መቁጠር ነቅቶ መጠበቅ ነው?

ጠያቂው (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ በዚህ ተከራከሩበትና አሳርፉኝ። እኛ ሰፈር አንድ ጎበዝ መካኒክ አለ። ሰሞኑን ጋራዡን ጥሎ ቤት ዋለ። ቀን ከሌት ስልኩ ላይ የምጽአት ምልክት የሚቆጥሩ ስብከቶች ያያል። «ስምንተኛው ሺህ ነው፣ ከእንግዲህ የፍሬን ሸራ ስቀይር ምን አደከመኝ» ይላል። እናቱ ደግሞ የቤት ኪራይ ደርሶባታል። ይሄ ነቅቶ መጠበቅ ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
እኔ በልጁ አልፈርድም። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 24 ከበለስ ተማሩ ብሎናል። ቅርንጫፏ ሲለሰልስ በጋ እንደ ቀረበ ታውቃላችሁ አለ። ምልክት ማየት ጥፋት ከሆነ ለምን ነገረን? በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲገባ ስንቱ ተሳለ፣ ስንቱ አለቀሰ። ዛሬ ሁሉም ረስቶታል። እሱ ቢያንስ ደንግጧል።

የሐይቋ፦
መደንገጡስ ይሁን። ግን ስምንተኛው ሺህ የትናንት ነገር ነው እንዴ? በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቆጠራ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት 5500 ዘመን እንቆጥራለን። እንግዲህ 7000ው የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ሁሉ ትውልድ ማጭዱን ሰቅሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የሚከራከር ሰው ባልተገኘ።

የአሥሩ ቆነጃጅት ነገርም አለ። ሁላችን «ሰነፎቹ ተኙ» እንላለን። ማቴዎስ 25 ቁጥር 5ን እዩት እስቲ። ያንቀላፉት ሁሉም ናቸው፣ ልባሞቹም ጭምር። የለያቸው ዘይቱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ምዕራፍ 24 ላይ ደግሞ ጌታው ሲመጣ ብፁዕ የተባለው ባሪያ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የተገኘው አይደለም። ለቤተ ሰዎቹ ምግባቸውን በጊዜው ሲሰጥ የተገኘው ነው። የእናትየው ኪራይ እዚህ ውስጥ አይገባም ትሉኛላችሁ?

ቤተ ክርስቲያናችንስ? በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፣ ስለ ምጽአት ይሰበካል። በሳምንቱ ገብር ኄር፣ የበጎው አገልጋይ እሑድ፣ ይከተላል፣ መክሊቱን የቀበረው ይወቀሳል። ልጁ ደብረ ዘይት ላይ ቀረ።

የጦሳ ልጅ፦
እታለም፣ ገብር ኄርን የሥራ ሰበብ አታድርጊው። መክሊት ገንዘብ ብቻ አይደለም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለ የንስሐ አባቱን ካየ ዓመት ያለፈው ስንቱ ነው?

የሐይቋ፦
እሱስ እውነትህን ነው። ልጁ ግን ሄዷል ወይ? ስልክ አያናዝዝም።

ከገራዶ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እንደ ጎረቤት ልግባ። እኛም የዒሳን (የኢየሱስን) መምጣት እንጠብቃለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቂያማ (የፍርድ ቀን) ቢቆምና በእጃችሁ ችግኝ ቢኖር ትከሉት ብለዋል። ቤታችን ይሄ ሐዲስ የሚነሳው ክረምት ሲገባ ነው፣ አባቴ ችግኝ ሊያስተክለን ሲፈልግ።

እማማ (ወልድያ)፦
ልጆቼ፣ የ77ን ረሃብ ያየ እንዲህ አይጨቃጨቅም። ያን ጊዜም ዓለም አለቀላት ተባለ። ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የጠቀመን ጥሬ ይዞ የመጣ ነው። ሲፈርድም «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ነው የሚለው። ምልክቱን ስንት አደረሳችሁት ብሎ አይጠይቅም።

የጦሳ ልጅ፦
እማማ፣ እርስዎ ካሉ እሺ። ምልክቱን ማየቱን ግን አልተውም፣ ጌታ ያለው ነው። ሥራውም ይሁን። የሌሊት ጸሎቱንስ ይተወው?

የሐይቋ፦
ለምን ይተወዋል? የኪዳን ጸሎት ንጋት ላይ ያልቃል። ጋራዡ ሁለት ሰዓት ነው የሚከፈተው።

ጠያቂው፦
ሁለት ሰዓት ተኩል።