«ምግብ ባትወስዱላቸው ራሳቸው ይወጡ ነበር» ያልከው ሰውዬ፣ ና እንነጋገር

የጣና ዳር ልጅ፦
ትናንት ግሩፑ ላይ የላስ ቬጋስ ቪዲዮ ተለጥፎ ነበር። ላላያችሁት ባጭሩ፣ ከተማዋ ለጎርፍ ብላ ከመሬት ስር ያሰራችው ቱቦ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው ይኖራል ተብሎ ይገመታል፣ በጎ ፈቃደኞች ባትሪ ይዘው እየገቡ ውሃ፣ ምግብ፣ ካልሲ ይሰጣሉ፣ ልውጣ ያለውን ደግሞ ማገገሚያ ያስገባሉ። በቃ ይሄው ነው። ከስር ግን የኛው የባህር ዳር ሰው «ምግብ ባትወስዱላቸው ራሳቸው ይወጡ ነበር» ብሎ ጻፈ፣ ላይኩ ደግሞ ብዛቱ! ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ። ቬጋስን ተዉት፣ እዚሁ በክረምት ዲች፣ የጎርፍ መውረጃው ቱቦ ውስጥ የሚያድሩ ልጆችን በየቀኑ እያለፈ የሚያይ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?

አባይ ማዶ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ሰው ቱቦ ውስጥ ሆኖ ምግቡም ብርድ ልብሱም ከደረሰው ቱቦው ቤቱ ሆነ ማለት ነው። እኛ ጋም ቅዳሜ ዳቦ ይዘው ሄደው ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነስተው የሚመለሱ አሉ፣ እሁድ ልጁ የት ነው? እዛው! ማንን ነው የረዳችሁት?

ነርሷ፦
ፎቶው ላይ እስማማለሁ፣ እኔንም ያበሳጨኛል። «ራሳቸው ይወጡ ነበር» የሚለው ግን ሐሰት ነው፣ ምግብ አለ ተብሎ እዛ የገባ ሰው የለም። ቬጋስ በረሃ ናት፣ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ እዛ ውስጥ የሚያባርርህም እንደ ላይ አይበዛም። የኛዎቹ ደግሞ ከብርድና ከዱላ ሸሽተው ነው። ምግቡ ቢቀር ልጁ የሚሄደው ወደ ማስቲሹ ነው እንጂ ወደ እናቱ አይደለም፣ ማስቲሽ እኮ የሚስቡት ረሃብና ብርድ ስለሚያስረሳ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ እግሩን ጠርሙስ ቆርጦት መጣ፣ ሌሊት ዲቹ ውስጥ ውሃ ሲገባበት በባዶ እግሩ ሮጦ ነው። የሚተኛበትን ማዳበሪያ እንዳነገተ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጅጌው ውስጥ የማስቲሽ ሃይላንድ ይዟል፣ ቁስሉን ስሰፋለት እንኳን አለቀቃትም። ይሄን ልጅ ነው ዳቦ ብትከለክለው ራሱ ይወጣል የምትለኝ?

ቬጋስ ያለሁት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ እዚሁ ቬጋስ ታክሲ ነው የምሰራው። ቱቦው ከነዚያ ከሚያብረቀርቁት ካዚኖዎች ስር ጭምር ያልፋል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ በደቂቃዎች ይደርሳል፣ ሰው ሞቶበታል። ሻይን ኤ ላይት ከሚባለው ቡድን ከሚገቡት በጎ ፈቃደኞች ውስጥ ራሳቸው እዛ ቱቦ ውስጥ የኖሩ አሉ። ሰውዬው ዛሬ ውሃውን ተቀብሎ «ሂዱልኝ» ይላቸዋል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን «ውሰዱኝ» ይላል። ምግቡ መተዋወቂያ ነው። ባይመላለሱ ያን ቀን ማን ያገኘው ነበር?

አባይ ማዶ፦
እሺ የሻይን ኤ ላይት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው አይደል? ታዲያ ዛሬም ከ1,000 በላይ ሰው ስር ካለ ምኑ ሰራ?

ቬጋስ ያለሁት፦
የወጣው ቦታ ሌላው ስለሚገባ ነዋ ወንድሜ። የቤት ኪራዩን መጥተህ እየው። እነሱ ሰው ያወጣሉ፣ ከላይ ደግሞ ኪራዩና ሱሱ ሌላ ሰው ያወርዳል፣ ይሄ የዳቦ ሰጪው ጥፋት ነው?

የመሪጌታ ልጅ፦
አባይ ማዶ፣ ጎጃም ነው አይደል ያደግከው? የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እናትህ «ካልሰጠሁት ወደ አገሩ ይመለሳል» ብላ በሩን ዘግታበት ታውቃለች?

አባይ ማዶ፦
እናቴን ከዚህ አውጣት። የቆሎ ተማሪ የኔታ አለው፣ ጎጆ አለው፣ ዳዊት ይደግማል፣ ቅኔ ይቆጥራል። ማስቲሽ ከሚስብ ጋር አንድ አታድርገው።

ዘጌ፦
እውነቱን ነው። የአብነት ተማሪን ከጎዳና ልጅ ጋር ማወዳደር ነውር ነው፣ እኔም ተምሬበታለሁ፣ በውሻ ተነክሼበታለሁ።

የመሪጌታ ልጅ፦
አባቴ መሪጌታ ነው፣ እኔን ስለ ቆሎ ተማሪ ክብር አታስተምረኝ። ትምህርቱን አቋርጦ እዚህ ከተማ በረንዳ የቀረ ልጅ አውቃለሁ፣ አኩፋዳውን ጥሎ ማዳበሪያ ያዘ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁራሹ ኃጢአት ሆነ? ራሳችሁ «የኔታ አለው» አላችሁ። ለነዚህም የጎደላቸው እሱ ነው፣ ውሎ አዳራቸውን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው፣ እናንተ ግን ያለቻቸውን ቁራሽ ነው ልትቀሙ የመጣችሁት።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን? የቱቦዎቹ አፍ በብረት ፍርግርግ ይዘጋ፣ አለቀ። በኮሪደር ልማት ስንቱ እየተሰራ።

ሲቪል፦
አያልቅም። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ውሃው እንኳን ተዘግቶበት ክፍት ሆኖም ቀስ እያለ ነው ወደ ጣናና ወደ አባይ የሚሄደው። ሐምሌ ላይ ያ ፍርግርግ በፌስታልና በሃይላንድ ይደፈንና ውሃው የሰው ቤት ይገባል። ከውስጥ ልጅ ተኝቶ ከሆነስ? በኛ በመሐንዲሶች ሥራ ይሄን ሳያጣራ የሚዘጋ ሰው መጠየቅ አለበት።

ሽምብጥ ሰፈር፦
እና ክፍት ትተነው ይስረቁን? የሚስቴን ስልክ የነጠቃት ከዛው ቱቦ ወጥቶ ነው። ደግሞ የአደገኛ ቦዘኔ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 384/1996፣ ለምን አይሰራበትም?

ጠበቃው፦
ለባለቤትህ አዝናለሁ። አዋጁ ግን ቱቦ ውስጥ ተኛ ብሎ ማንንም አይከስም፣ መስራት እየቻለ መተዳደሪያ የሌለውና አዋጁ የዘረዘራቸውን ድርጊቶች ሲፈጽም የተገኘ ነው የሚለው። የወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጭራሽ አይጠይቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለውም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ሕገ መንግሥቱን ከጠቀስክ አንቀጽ 36 አለ፣ የልጁ ደኅንነት ይቀድማል።

የጣና ዳር ልጅ፦
አፈሳውንም አይተነዋል። ትልቅ ስብሰባ ሲመጣ ልጆቹ ይጠፋሉ፣ እንግዳው ሲሄድ ተመልሰው ይመጣሉ። ኒውዮርክም ሪቨርሳይድ ፓርክ ስር ባለው የባቡር ዋሻ ይሄው ሆኖ ነበር፣ እ.ኤ.አ. 1991 የአሜሪካው የባቡር ድርጅት አምትራክ ባቡሩን ሲመልስ ነዋሪዎቹን ማስወጣት ተጀመረ፣ ማባረሩ ብቻውን አልሰራም፣ የኪራይ ድጎማ ተፈልጎላቸው ነው ብዙዎቹ ቤት የገቡት። መጀመሪያ የሚገባበት በር አሳየኝና ከዚያ ውጣ በለው።

አባይ ማዶ፦
በሩ ቤተሰቡ ነው። የመሳፈሪያ ከፍሎ አገሩ ማድረስ።

ነርሷ፦
ስንቱ ተልኮ ተመለሰ! እንጀራ አባቱ ያባረረውን ልጅ እዛው ደጃፍ አውርደኸው ብትመጣ ካንተ ቀድሞ መናኸሪያ ይደርሳል። አሁን ደግሞ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ያዘጋበት፣ ቤተሰቡ ራሱ ተፈናቃይ የሆነ ልጅ አለ። የት ነው የምትመልሰው? የሚሄድ ሰው ቤቱን አይቶ፣ እናቱን አነጋግሮ፣ በኋላም ተመልሶ ካልጠየቀው ያወጣኸው የመኪና ብር ብቻ ነው። በዛ ላይ ማስቲሹን በየሱቁ እየሸጥንላቸው።

የጫማ ዕቃ መደብር፦
በየሱቁ አትበይ እህቴ። እኔ ማስቲሽ እሸጣለሁ፣ ለጫማ ሰሪ ነው የምሸጠው።

የጣና ዳር ልጅ፦
ጫማ ሰሪ በቆርቆሮ ነው የሚገዛው ጋሼ። ሃይላንድ ውስጥ እየቀዱ ለአስር ዓመት ልጅ የሚሸጡት ለየትኛው ጫማ ነው?

የጫማ ዕቃ መደብር፦
እኔ ቀድቼ ሸጬ አላውቅም። የሚቀዳውን ካወቅክ ለፖሊስ ተናገር፣ ሁላችንን አትስደብ።

ነርሷ፦
እርስዎ ያውቋቸዋል ግን፣ ጎረቤትዎ ናቸው። አንድ ቀን ተው ብለዋቸዋል?

የጫማ ዕቃ መደብር፦
ብያለሁ። አንተ ብትተው ሌላው ይሸጣል አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሱቁን ልዝጋበት?

ሽምብጥ ሰፈር፦
አየሽ፣ ወደኔ ሐሳብ መጣችሁ፣ መዝጋት ነው።

ሲቪል፦
ሱቁን ከሆነ እኔም እደግፋለሁ፣ ቱቦውን ግን አትንካ።