እግሩ ረጅም ወገቡ አጭር የሆነ ሰው ስንት ቁጥር ሮድ ባይክ ይግዛ?

ሎጋው
ሰላም ቤተሰብ። ሮድ ባይክ ልገዛ ብዬ ሳይዝ ላይ ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ቁመቴ 178 ነው፣ ከጉያዬ እስከ መሬት ያለው ግን 88 ሴንቲ። ቁመቴን የወሰደው እግሬ ነው ማለት ነው፣ ሱሪ ስገዛ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ይቀራል፣ ሸሚዝ ስገዛ ደግሞ ጭኔ ድረስ ይወርዳል። የሱቆቹ ቻርት በቁመት አይቶ 54 ወይ 56 ይለኛል፣ ኦንላይን ያገኘሁት ካልኩሌተር ደግሞ እግሬን በ0.67 አባዝቶ 59 አለኝ። 54 እና 59 እኮ የአንድ ሰው ሳይክል አይደለም!

ያለሁት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማልያ ከወሰደ ወዲህ የሰፈራችን ሐበሻ ሁሉ ሳይክል ሳይክል ብሏል፣ እኔም የጓደኛዬን 54 ተውሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲሲ ሄይንስ ፖይንት ላይ እንዞራለን፣ አንዳንዴም በደብሊው ኤንድ ኦዲ የብስክሌት መንገድ ቨርጂኒያ እስካለችው ቪየና እንደርሳለን። የሬስ ሞዴል ነው። ኮርቻውን ለእግሬ ልክ ሳደርገው መሪው በጣም ታች ይቀርብኛል፣ ገና አንድ ሰዓት ሳልነዳ አንገቴ ይይዘኛል ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። አሁን አንድ ሰው ያገለገለ 56 እየሸጠ ነው፣ እሱም ሬስ ነው፣ ዋጋው ደህና ነው። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ 58 ካልገዛህ ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

ጥድፊያ
88 እግር ይዘህ ምን ትጠይቃለህ ወንድሜ፣ 58 ግዛና ተገላገል። ረጅም ሰው ትንሽ ሳይክል ላይ ሲወጣ የሰርከስ ድብ ነው የሚመስለው 😂

የፒያሳው መካኒክ
ኧረ ተው አታስቸኩለው። 58ቱ ለእግሩ ይሆነው ይሆናል፣ ለወገቡስ? ፍሬም ሲያድግ ወደ ላይ ብቻ አይደለም፣ ወደ ፊትም ይረዝማል። በተለይ የሬስ 58 ላይ ከወጣ መሪው ላይ ለመድረስ ተዘርግቶ ነው የሚውለው።

ደግሞ ያ 0.67 የሚባለው ስሌት የድሮ ነው፣ የላይኛው ቱቦ መሬት ለመሬት ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ዘመን የተሰራ። አሁን ያሉት ፍሬሞች የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ ተዳፍቶ ይወርዳል፣ ስለዚህ የኮርቻው ቱቦ ራሱ አጭር ነው፣ 56 ተብሎ የተጻፈበትን በሜትር ብትለካው የትም ቦታ 56 ላታገኝ ትችላለህ። ቁጥሩ ስም ብቻ ነው የቀረው። አንዱ ካምፓኒ 56 የሚለውን ሌላው ኤም ኤል ይለዋል፣ ሌላው 55።

ከዛ በፊት ግን ልክህን እናጣራ። 88 ያልከው ከሱሪ ላይ የተነበበ ከሆነ አይሰራም። ጫማህን አውልቅ፣ ጀርባህን ግድግዳ አስደግፍ፣ እግርህን አስራ አምስት ሃያ ሴንቲ ያህል ክፈት፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መጽሐፍ በጉያህ አስገብተህ የተሰፋው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ኮርቻ ላይ የተቀመጥክ ያህል እስኪሰማህ ጠበቅ አርገህ ወደ ላይ ሳበው፣ ከዛ ሌላ ሰው ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ይለካልህ። ብቻህን ከሆንክ ጎንበስ ስትል ይበላሻል። አንድ ነገር ደግሞ አልጻፍክም፣ እጅህን ግራና ቀኝ ዘርግተህ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ስንት ነው?

ሎጋው
በመጽሐፍ ነው የተለካሁት ባለቤቴ ናት የለካችኝ፣ አሁን ደግመን ለካን ያው 88። እጄ 185 መጣ። ጥሩ ነው መጥፎ?

የስቶክሆልሟ
ጥሩ ነው እንጂ! የብዙ ሰው እጅ ሲዘረጋ ከቁመቱ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ያንተ በ7 ሴንቲ ይበልጣል። ወገብህ ያጎደለብህን እጅህ ግማሹን ይመልስልሃል ማለት ነው። እጅህ 172 ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

አሁን 54 56 58 የሚለውን እርሳውና ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልግ፣ ስታክ እና ሪች። ክራንኩ (ፔዳሉን የያዘው ክንድ) የሚዞርበትን መሀል ነጥብ ያዝ፣ ከሱ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ እስከ ፍሬሙ የፊት ቱቦ (ሹካው የሚገባበት) አናት ድረስ ያለው ከፍታ ስታክ ነው፣ ከሱ ወደ ፊት እስከዛው አናት ድረስ ያለው ርቀት ሪች ነው። ሁሉም ካምፓኒ ጂኦሜትሪ የሚል ሰንጠረዥ ላይ በሚሊ ሜትር ያወጣዋል። ያንተ አይነት ሰው የሚፈልገው ስታኩ ከፍ ያለ ሪቹ ያልረዘመ ነው፣ ያ ደግሞ ኢንዱራንስ የሚባለው፣ ለረጅም ጉዞ ምቾት የተሰራው አይነት ውስጥ ነው ያለው፣ ዶማኔ፣ ሩቤ፣ ዲፋይ፣ ሲናፕስ፣ ኢንዱሬስ እነዚህን እይ።

ምሳሌ ልስጥህ። ታርማክ ኤስኤል 7 የሚባለው የሬስ ሳይክል በ54 ስታኩ 544 ሪቹ 384 ነው፣ በ56 ደግሞ 565 እና 395። አየህ፣ ከ54 ወደ 56 ስትወጣ ከፍታ 21 ሚሊ ታገኛለህ ግን ወደ ፊትም 11 ሚሊ ትዘረጋለህ። ዶማኔ ኤስኤል በ56 ስታኩ 591 ሪቹ 377 ገደማ ነው። በቁጥር "ትልቅ" የሆነው 56 ከትንሹ 54 ታርማክ በ47 ሚሊ ከፍ ብሎ በ7 ሚሊ ደግሞ ያጥራል! ታርማክ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ ለሚወዳደር ሰው የተሰራ ነው። ጥድፊያ አንተ ደግሞ 58 ብለህ ልጁን ሪቹ 402 የሆነ ታርማክ ላይ ልትሰቅለው ነበር።

ጥድፊያ
እሺ ተሸነፍኩ 🙏 ግን 47 ሚሊ ሜትር ይሄን ያህል ያስጮሃል እንዴ? አምስት ሴንቲ እንኳን አይሞላም

የስቶክሆልሟ
ያስጮሃል። በብስክሌተኛው ሌሞንድ ስሌት የኮርቻ ከፍታ እግር ሲባዛ በ0.883 ነው፣ 88 ሲባዛ 77.7 ሴንቲ፣ ከክራንኩ መሀል በኮርቻው ቱቦ መስመር እስከ ኮርቻው አናት። ቱቦው ያዘነበለ ስለሆነ ቀጥታ ከፍታው 74 ተኩል ገደማ ይሆናል። አሁን 54ቱ ታርማክ ላይ ስፔሰሩን (ከመሪው አንገት ስር የሚደረደሩትን ቀለበቶች) ሶስት ሴንቲ ደርድርበት፣ የተለመደ 100 ሚሊ ስቴም (መሪውን የሚይዘው አንገት) ግጠምበት፣ መሪው አሁንም ከኮርቻው ወደ 11 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ያ ወገቡ እንደ ልብ ለሚታጠፍ ተወዳዳሪ ነው። ኢንዱራንሱ ላይ በዛው ስፔሰርና ስቴም ስድስት ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው የሚቀርህ፣ ጀማሪ ሰው ችሎ የሚውልበት ነው። አንገትህም ጣትህም የሚነግርህ ይሄንኑ ነው።

ጡረተኛው ብስክሌተኛ
ልጄ ሎጋው፣ ልጆቹ ጥሩ ነግረውሃል፣ እኔ አንድ የዘለሉትን ልጨምርልህ። የኮርቻው ቱቦ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ 73 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ኮርቻውን ከፍ ባደረግከው ቁጥር ወደ ኋላም ይሄዳል፣ አስር ሴንቲ ብታወጣው ሶስት ሴንቲ ገደማ ወደ ኋላ ነው። እግረ ረጅም ሰው የሚበደለው እዚህ ላይ ነው፣ ሪቹ በወረቀት ላይ ልክ ሆኖ ሳለ እሱ ግን ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ መሪው ይርቀዋል። ሪች የሚነግርህ ቆመህ ስትነዳ ያለውን ነው፣ ተቀምጠህ ያለውን ማወቅ ከፈለግህ ኢፌክቲቭ ቶፕ ቲዩብ የሚለውን መስመር (ከፊተኛው ቱቦ አናት ወደ ኮርቻው ቱቦ መስመር መሬት ለመሬት የሚለካውን) አብረህ አንብብ።

ታዲያ ብዙ ሰው መሪው ሲርቀው ምን ያደርጋል መሰለህ፣ ኮርቻውን ወደ ፊት ይገፋና ተቃረብኩ ይላል። እሱን እንዳታደርግ። ኮርቻ የሚቀመጠው ለእግር ነው፣ መሪ ለእጅ። ኮርቻው አለቦታው ወደ ፊት ከመጣ ክብደትህ ሁሉ መዳፍህ ላይ ይወድቅና ያ መደንዘዝ ይብስብሃል። መጀመሪያ ፔዳሎቹን አንዱ ፊት አንዱ ኋላ በእኩል ከፍታ፣ የግድግዳ ሰዓት ላይ ሶስትና ዘጠኝ ቁጥር እንዳሉበት አድርገህ የፊተኛው ጉልበትህ ፔዳሉ መሀል ላይ በግምት እንዲያርፍ ኮርቻውን አስተካክል፣ ሕግ አይደለም መነሻ ነው። ከዛ በኋላ ነው መሪው ሩቅ ነው ቅርብ ነው የሚባለው። ርዝመትህ ያለው ጭንህ ላይ ነው ወይስ ቅልጥምህ ላይ ነው? ጭኑ የረዘመ ኮርቻው ወደ ኋላ ቢሄድለት ይወዳል፣ ቅልጥሙ የረዘመ ግን አይፈልገውም።

ሎጋው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅልጥሜ ነው መሰለኝ የሚረዝመው ስቀመጥ ጉልበቴ ከሰው ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። አንድ ጥያቄ፣ ጽጋቡ ግርማይም ሆነ ሌሎቹን ፕሮዎች ሳያቸው ሳይክላቸው ትንሽ ነው ኮርቻቸው ደግሞ ሰማይ ላይ፣ እነሱ እንዴት አያማቸውም?

ጡረተኛው ብስክሌተኛ
ጽጋቡ እኮ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ልጅነቱን ሁሉ ሳይክል ላይ ያሳለፈ ሰው። እነሱ ትንሽ ፍሬም ወስደው 120 130 ሚሊ ስቴም ያስገቡበታል፣ ንፋሱን ለመሸሽ ዝቅ ማለት ይፈልጋሉ፣ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ስለሚነዱ ሰውነታቸው ለምዶታል፣ ማሳጅ የሚያደርግላቸውም አለ። አንተ ሰኞ ቢሮ ነው የምትገባው።

ሽቅብ ወዳጅ
ከአዲስ አበባ ነኝ፣ እንጦጦና ሱሉልታ ነው መዋያዬ። ያገለገለውን በተመለከተ አንድ ነገር፣ ሻጩን የመሪውን አንገት በጎን በኩል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በለው። ከስቴሙ ስር ስንት ስፔሰር አለ? ከላይስ? የሹካው ቱቦ (ስቴሙ የሚታሰርበት) አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም፣ የቀድሞው ባለቤት መሪ ዝቅ ማድረግ የሚወድ ከሆነ ቆርጦት አንድ ቀጭን ስፔሰር ብቻ ሊቀረው ይችላል፣ ያኔ የምናወራው ሶስት ሴንቲ የለም። እኛ ጋ ሰው ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ነው የሚያመጣልን፣ ሳይዙ ካልሆነ መመለስ የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ፎቶ ሳናይ እሺ አንልም። ኮርቻውን የተሸከመውን፣ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን ዘንግም እይ፣ ሚኒመም የሚል መስመር አለው፣ እግርህ ረጅም ስለሆነ ከዛ በላይ ወጥቶ እንዳይሆን፣ ፍሬሙን ይሰነጥቀዋል።

እና ስፔሰር በደረደርክ ቁጥር መሪው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ራስህም ይመጣል፣ ለያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሶስት ሚሊ ገደማ። ላንተ ይሄ ጥቅም ነው። ካርቦን ሹካ ከሆነ ግን ከሶስት አራት ሴንቲ በላይ አይደረደርም፣ ካምፓኒው የፈቀደውን አንብብ።

የስቶክሆልሟ
ትክክል። ከርዕስ ልውጣና አጭር ለሆናችሁ እህቶችም አንድ ነገር፣ እኔ 157 ነኝ፣ በጣም ትንንሾቹ ሳይዞች ላይ ሪቹ ብዙም አያጥርም፣ ምክንያቱም የፊት ጎማው ያው ትልቁ ጎማ ስለሆነ ከዛ በላይ ካሳጠሩት ጫማሽ ጎማውን ይነካዋል። ስለዚህ የኮርቻውን ቱቦ ቀጥ ያደርጉታል ወደ 74 75 ዲግሪ፣ ቶፕ ቲዩቡ ሰንጠረዡ ላይ አጭር መስሎ ይታይሻል ኮርቻውን ወደ ቦታው ስትመልሺው ግን ያው ነው። ለኛ አጠር ያለ ስቴምና ወደ ፊት የሚዘረጋው 70 ሚሊ ብቻ የሆነ መሪ ይሻላል።

ሎጋው
ሻጩ ፎቶ ላከ፣ ከስቴሙ ስር አንድ ስስ ስፔሰር ብቻ ነው፣ ከላይ ምንም የለም፣ ተቆርጧል። ተውኩት። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ ኢንዱራንስ 56 አግኝቻለሁ፣ ስታኩ 590 ምናምን ነው፣ ስቴሙ 100፣ ክራንኩ 172.5። ነገ ልሄድ ነው። ክራንኩ ለእግሬ አያጥርም? እግረ ረጅም ሰው 175 ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ።

የፒያሳው መካኒክ
172.5 ይበቃሃል፣ ለክራንክ ብለህ ሳይክል አትለፍ፣ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ተኩል ነው። ይልቅ ስትሄድ አራትና አምስት ቁጥር ባለ ስድስት ጎን (አለን ኪ) ቁልፍ፣ ሜትር፣ የምትነዳበትን ጫማ ያዝ። መጀመሪያ ኮርቻውን 77 አካባቢ አስቀምጥ፣ ጫማህ ስሱ ከሆነ ትንሽ ዝቅ፣ ዳሌህ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከዛ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንዳው፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አንዴ መዞር ምንም አይነግርህም። እጅህ ሁድ (የፍሬኑ መያዣ ላይ ያለው ጎማ) ላይ ሆኖ ክርንህ ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት፣ ክርንህ ተቆልፎ ትከሻህ ወደ ጆሮህ ከወጣ ሩቅ ነው፣ ስቴሙን 90 ወይ 80 ታደርገዋለህ፣ የስቴም ዋጋ ቀላል ነው። መሪውን ስታይ የፊት ጎማው መሀል ይሸፈናል አይሸፈንም የሚሉህን አትስማ፣ ላንተ አይነት ሰውነት አይሰራም። ስቴሙን ካላላህ ስትመልሰው ከ5 ኒውተን ሜትር በላይ አታጥብቀው፣ ብሎኑ ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ ያንን ተከተል።

ሎጋው
እሺ ወንድሜ፣ ቁልፉን ከጓደኛዬ እበደራለሁ። ነገ ማታ ልኩን ከነፎቶው እለጥፋለሁ።

ጡረተኛው ብስክሌተኛ
ፎቶውን ከጎን አንሳው፣ አንተ ላዩ ላይ ተቀምጠህ፣ እጅህ ሁድ ላይ ሆኖ። ሳይክሉን ብቻ አንስተህ ብትልክልን ምንም አናይበትም።