ለአንድ ሴሚስተር ፖላንድ ልሄድ ነው፤ ኮርሶቼ እዚህ ይያዙልኛል?

የኢኮኖሚክሷ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ፖላንድ፣ ክራኮው ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኢራስመስ ፕላስ (የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ነው) የተማሪ ልውውጥ ስምምነት አለው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ አመለከትኩ፤ ኢንተርቪውንም አለፍኩ። አሁን ስሜ ወደዚያ ተልኳል። የአራተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተርን እዚያ ተምሬ ልመለስ ነው።

ደስ ብሎኛል። ግን እንቅልፍ የሚነሱኝ ነገሮች አሉ። ዋናው የኮርሶቼ ጉዳይ ነው። ዲፓርትመንት ውስጥ «እዚያ የተማርሽው እዚህ አይያዝልሽም፤ ስትመለሺ ከታችኛው ባች ጋር ነው የምትቀጥይው» የሚሉኝ አሉ። አንድ ዓመት መድገም ለእኔ ከባድ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከእኔ በታች ሦስት ታናናሾች አሉ። ሁሉም የእኔን መመረቅ ነው የሚጠብቁት። የመውጫ ፈተናውም አለ።

ገንዘቡስ? በወር 800 ዩሮ ነው ተብያለሁ፤ ግን የሚሰጠው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው ይላሉ። እስከዚያ ምን ልሁን?

ሌላውን ለመጻፍ ትንሽ ይከብደኛል። ዘመድ ሁሉ «ከሄድሽ አትመለሺ» እያለኝ ነው። ዱባይ ያለችው አክስቴ ይህንኑ ልትመክረኝ በየቀኑ ትደውላለች። እኔ መመለስ ነው የምፈልገው፤ ግን ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ግራ ገባኝ። ሄዶ የመጣ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። በጾም ወቅት ምን እንደሚበላም ብትነግሩኝ እናቴ ትረጋጋለች።


ቪስዋ ዳር፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! እኔም ክራኮው ነው አንድ ሴሚስተር የተማርኩት። ያኔ የስታቲስቲክስ ተማሪ ነበርኩ። ከኮርሱ ልጀምርልሽ። ስለ ቪዛና ስለ ብርድ ሰው ሁሉ ያወራል፤ ተማሪን አንድ ዓመት ወደ ኋላ የሚያስቀረው ግን ይሄኛው ነው።

ለርኒንግ አግሪመንት የሚባል ፎርም ይላክልሻል። በአንድ በኩል እዚያ የምትማሪያቸው ኮርሶች ይጻፋሉ። በሌላው በኩል ደግሞ እያንዳንዳቸው እዚህ የትኛውን ኮርስ እንደሚተኩ ይጻፋል። የሚፈርሙት ሦስት ናቸው፦ አንቺ፣ የግቢሽ ተወካይ እና የክራኮው ዩኒቨርሲቲ። ይሄ ወረቀት ከሙሉ ፊርማ ጋር እጅሽ ሳይገባ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ። ግቢሽ እዚያ ላይ ከፈረመ፣ ያለፍሻቸውን ኮርሶች ሊይዝልሽ ቃል ገብቷል ማለት ነው። «አይያዝልሽም» ለሚሉሽ መልስሽ እሱ ነው።

ችግሩ የቱ ጋ መሰለሽ? ብዙ ጊዜ ፎርሙን የሚፈርመው ኢንተርናሽናል ኦፊስ ነው። ኮርሱን የሚይዝልሽ ግን ዲፓርትመንቱ ነው፤ ውጤቱን የሚያስገባው ደግሞ ሬጅስትራር። ሦስቱ እርስ በርስ ላይነጋገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለብቻው ደብዳቤ አጽፊ። የዲፓርትመንት ካውንስሉ ኮርሶቹን አይቶ «ይህ በዚህ ይተካል» ብሎ በቃለ ጉባኤ ይወስን። ግልባጩ ለሬጅስትራር ይግባ፤ አንቺም ኮፒ ያዢ። አሁን ያለው የዲፓርትመንት ሄድ ደግ ሰው ቢሆንም፣ ስትመለሺ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ልታገኚ ትችያለሽ።

የክሬዲቱን ነገር አትፍሪው። አንድ ሴሚስተር እዚያ 30 ኢሲቲኤስ ነው፤ ኢሲቲኤስ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የክሬዲት መለኪያ ነው። እኛ አገር የኮርስ መግለጫዎች ላይ ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ሲጻፍ አይተሽ ይሆናል። በዚያ ሂሳብ 30ው ወደ 18 ክሬዲት አወር ይመጣል። ያንቺ የሴሚስተር ጭነት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰውን የሚያጨቃጭቀው ይዘቱ ነው። የሁለቱንም ኮርስ ዝርዝር አትመሽ ጎን ለጎን አስቀምጪላቸው። የሚመሳሰሉትን ርዕሶች በማርከር አስምሪባቸው። መምህራን በቃል ስትጠይቂያቸው «እናያለን» ይላሉ፤ ወረቀት ስታስቀምጪላቸው ግን ያነባሉ።

እዚያ ስትደርሺ አንዱ ኮርስ በእንግሊዝኛ አይሰጥም ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል። ይሄ ያጋጥማል። ያኔ የፎርሙ ሁለተኛ ክፍል ላይ ለውጡ ይሞላና ሦስቱም ወገኖች እንደገና ይፈርማሉ። ዝም ብለሽ ሌላ ኮርስ እንዳትወስጂ። በኢሜይል ፊርማውን የሚያስፈጽምልሽ አንድ ሰው ከመምህራንሽ መካከል ከአሁኑ ያዢ።

የውጤት አሰጣጡም ይለያያል። ፖላንድ ከ2 እስከ 5 ነው፤ 2 መውደቅ ነው፣ 3 ማለፊያ ነው። 4.5 ወደ ኤ ይቀየራል ወይስ ወደ ቢ? ወይስ «አልፋለች» ብቻ ተብሎ ይገባል? ጂፒኤሽን የሚነካ ነገር ስለሆነ መቀየሪያውን አሁኑኑ በጽሑፍ አስወስኚ።

ሬጅስትራር ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሙዪ ካሉሽ እምቢ በይ። ከእኛ ጋር የሄደ የሌላ ግቢ ልጅ «ሌላ ፎርም የለንም» ተብሎ ያንን ሞላ። ሲመለስ እንደገና ለመግባት ማመልከት ነበረበት። ኮርሶቹን ሁሉ አልፎ ነበር፤ ግን ታችኛው ባች እስኪደርስለት ቤቱ ተቀመጠ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ያጠፋው ነገርም የለም። ያንቺ ደብዳቤ «በልውውጥ ላይ ያለች መደበኛ ተማሪ» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ዘግይቶ መመዝገብንም ያካትት። የፖላንዱ አንደኛ ሴሚስተር ጥቅምት ወር በፈረንጆች ሲገባ፣ በእኛ መስከረም ሃያዎቹ ላይ ይጀምራል። ፈተናው ደግሞ እስከ የካቲት መጀመሪያ ሊጎተት ይችላል። እዚህ ሁለተኛው ሴሚስተር ቀድሞ ሊጀመር ይችላል።

የመረጥሽው ጊዜ ጥሩ ነው። ሲኒየር ኤሴይሽን እና የመውጫ ፈተናውን እዚሁ ትደርሺባቸዋለሽ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሁሉም ተመራቂ የሚፈተነው ነው፤ የሚሸፍናቸው የትምህርት ዘርፎችም የታወቁ ናቸው። ክራኮው የማታገኚው ኮርስ እዚያ ውስጥ ካለ ሃንድአውቱን የሚልክልሽ ጓደኛ ይኑርሽ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የትምህርት ክፍያ የለብሽም። 800 ዩሮው በወር ወደ 3,400 ዝሎቲ (የፖላንድ ገንዘብ) አካባቢ ነው። ዶርም ከሌላ ተማሪ ጋር ተጋርተሽ፣ ራስሽ እያበሰልሽ ከኖርሽ ይበቃል፤ ይተርፋልም። እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ክፍያ እዚያ ደርሰሽ የባንክ ሂሳብ ከከፈትሽ በኋላ ነው። የጉዞ ገንዘብ ግን ከወርሃዊው የተለየ ነው፣ በርቀት ይሰላል። ትኬቱን ራሳቸው ገዝተው የሚልኩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ክራኮው ላለችው የልውውጡ ኮኦርዲኔተር ኢሜይል ጽፈሽ ጠይቂ፤ ምንም አያሳፍርም። ከአፍሪካ የሚመጣ ተማሪ ትኬት ቀድሞ መግዛት እንደሚከብደው ያውቃሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ዩሮ ከባንክ መግዛት ትችያለሽ፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘሽ ሂጂ። ቪዛሽ እንደወጣ ለዶርም ቅድሚያ ክፍያ አለ ወይ ብለሽም አጣሪ።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት። ፒየሮጊ የሚባል ምግብ አለ፤ ሊጥ ውስጥ ጎመንና እንጉዳይ ተሞልቶ ይቀቀላል። ሊጡ ውስጥ እንቁላል መኖሩን ጠይቂ፣ ቅቤም አይፍሰስበት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ በየሱቁ ሞልቷል። በርበሬና ሽሮ ከቤት ያዢ። ገና ላይ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ታያለሽ። ፖላንዶች በዋዜማው፣ በፈረንጆች ታኅሣሥ 24፣ ሥጋ አይበሉም። አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል። ድንገት ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ አንድ ባዶ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰቦች ጋብዘውኝ ነበር። እኔ ነቢያት ጾም ላይ ነበርኩ፤ አያቷ ይህን ስትሰማ የትኛው ምግብ ቅቤ እንደሌለው አንድ በአንድ እየጠቆመች አበላችኝ። ከሄድኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቤቴ ያለሁ አልመሰለኝም።

ብርዱ ይቻላል። የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ጠዋት ክፍል የሌለሽ ቀንም ቢሆን ተነስተሽ ውጪ።


ዘጠነኛ ቁጥር ቢሮ፦

እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርናሽናል ኦፊስ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ቪስዋ ዳር የጻፈችውን ሁሉ እደግፋለሁ። ስለ መመለሱ ግን እኔ ልናገር።

በዚህ ፕሮግራም ገንዘቡን የሚጠይቀው የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ያለ አንድ ኮኦርዲኔተር ቁጭ ብሎ ማመልከቻ ይጽፋል፤ «ከኢትዮጵያ ይህን ያህል ተማሪ ልቀበል» ብሎ ያሳምናል። የእኛን አገር የመረጠው ራሱ ነው። ሌላ አገርም መምረጥ ይችል ነበር። አንድ ተማሪ ሴሚስተሩን አቋርጦ ሲጠፋ ማስረዳት ያለበት ያ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዙር የእኛ ስም ማመልከቻው ላይ ላይኖር ይችላል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ውጤቷ ያንቺን የሚያህል የሁለተኛ ዓመት ልጅ በር ላይ ቆማ «ዘንድሮ ማስታወቂያ የለም ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ለአክስትሽ ይህን ብትነግሪያት ላይገባት ይችላል። የሚገባትን ንገሪያት። የምትሄጂበት ቪዛ ለዚያ ሴሚስተር ብቻ ነው። ያለ ዲግሪና ያለ ወረቀት መቅረት በሰው አገር የፈለጉትን ሥራ ለመሥራት አያስችልም፤ እሷ ይህን ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ተመልሰሽ ብትመረቂ ግን ለኢራስመስ ሙንዱስ፣ ማለትም ለአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ በቀጥታ ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። እሱ በወር 1,400 ዩሮ ነው፤ እስከ 24 ወር ድረስ ይከፍላል። ግቢሽ ስምምነት ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚከፈተው በኛ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። የክራኮው ትራንስክሪፕት ያላት፣ እዚያ ካስተማራት ፕሮፌሰር የድጋፍ ደብዳቤ የያዘች አመልካች ፋይሏ ይታያል። ስለዚህ እዚያ ሳለሽ ከአንድ መምህር ጋር ተቀራረቢ። ቢሮው ሄደሽ ጥያቄ ጠይቂ። ደብዳቤውን ከመመለስሽ በፊት ጠይቂው፤ ከዓመት በኋላ በኢሜይል ስትጠይቂው መልክሽን ላያስታውስ ይችላል።


የተማሪ አባት፦

ልጄ፣ የእኔም ልጅ በዚሁ ፕሮግራም ሄዳ ተመልሳለች። ለአባትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ለደላላ አምስት ሳንቲም እንዳይከፍል። ለማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ቪዛ ላይ የሚያዘገየው የወረቀት ማረጋገጫው ነው። የልደት የምስክር ወረቀትና ትራንስክሪፕት ተተርጉሞ፣ ውልና ማስረጃ ደርሶ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም እስኪመታበት ጊዜ ይወስዳል። የትኞቹ ሰነዶች መረጋገጥ እንዳለባቸው ኤምባሲውን ጠይቁና ዛሬ ጀምሩ። የጤና ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ወፍራም ጃኬት ግን ከዚህ አትግዢ፤ የእኔ ልጅ እዚያ ከአሮጌ ልብስ ሱቅ በርካሽ ገዝታ ክረምቱን ሁሉ ለበሰችው። ጥሩ ካልሲና የውስጥ ሙቀት ልብስ ይዘሽ ሂጂ። እግዚአብሔር ይከተልሽ።


የኢኮኖሚክሷ፦

አባቴ፣ አሜን፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአባቴ ሙሉውን አነበብኩለት። ስለ ሳህኑ ያለውን እናቴ ሁለቴ አስደገመችኝ። ነገ የኮርስ ዝርዝሮቹን አትሜ ወደ ዲፓርትመንት እሄዳለሁ። ቪስዋ ዳር፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ኢኮኖሜትሪክስ ከዚህ ጨርሻለሁ፤ እዚያ ያለው የታይም ሲሪስ ኮርስ ግን እዚህ የሚተካው አጣሁለት። ልተወው?


ቪስዋ ዳር፦

አትተዪው። 30ውን ኢሲቲኤስ በሚተኩ ኮርሶች ከሞላሽ በኋላ ትርፍ አድርገሽ ጨምሪው፤ ጭነቱ ካልከበደሽ። ፎርሙ ላይ ይጻፍ፣ ዲፓርትመንቱ ግን እንዲተካው አትጠይቂ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ስለሚወጣ ለማስተርስ ስታመለክቺ ይጠቅምሻል። ነገ ዲፓርትመንት የሚሉሽን እዚሁ ጻፊልን።